የቡሬ ጥፋት

አባቴ መኪናውን አንቱ ይል ነበር። እኔን አንቺ፣ እማዬን ሲስማሙ አንቺ ሲጣሉ «እሷ» ይላል፤ መኪናው ግን ጠብም ቢኖር አንቱ ነው። «ባሻ ዛሬ አልነሣም ብለዋል»፣ «ባሻ ውሃ ጠምቷቸዋል»፣ «ባሻን አታስቀይሟቸው»። ባሻ ማለት እንግዲህ ኮፈናቸው በሽቦ የታሰረ፣ አንድ መብራታቸው የጠፋ፣ ጣሊያን ጥሏቸው የሄደ የጭነት መኪና ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው የዲላ ሰው ነው። ጧት ሲነሡ እየሳሉ፣ እያጓሩ፣ ሰፈሩን ሁሉ እየተራገሙ ስለነበር ጡረታ የወጣ ወታደር ይመስላሉ ተብሎ ነው።

የማወራው ስለ ስልሳ አንድ፣ ቢበዛ ስለ ስልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ ናቸው፤ እኔ ደግሞ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ሌላ ያልበቀለልኝ፣ ስለ ሁሉም ነገር ሐሳብ ያለኝ ልጅ ነኝ። ከሐሳቦቼ ሁሉ የማያወላዳው አንዱ፣ በዓለም ላይ ከአባዬ ከደመላሽ የበለጠ መካኒክ የለም የሚለው ነበር። አባዬ ፊደል አይቆጥርም፤ ሞተር ግን ጆሮውን አስጠግቶ ካዳመጠ በኋላ የት ላይ እንደታመመ ይናገራል። እውነትም ይችል ነበር፤ ይህን በኋላ እንዳትረሱብኝ።

ቤቱ የእማዬ ነው። አባቷ ሲሞት በስሟ የተወላት፣ ወደ ጪጩ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ፣ ጓሮው ቡናና እንሰት የሆነ የቆርቆሮ ቤት። በሰፈራችን ባሏን «ከቤቴ ውጣልኝ» ለማለት የምትችል ሴት እማዬ አሰፋች ብቻ ስለነበረች ሌሎቹ ይቀኑባት ነበር። ትለዋለችም። ሲባል አባዬ ይወጣና ባሻ ጋቢና ውስጥ ያድራል፤ ጧት ቁርስ ሲሸተው ይመለሳል። ትዳራቸው እንዲህ ነበር፤ ደህና ትዳር ነው።

ይህን ትዳር ያናጋችው ቀይ መኪና ናት። የአባዬ ጓደኛ ጋሽ ሰብስቤ፣ እንደ እሱ ከይርጋጨፌ ቡና የሚጭን ሰው፣ ቤቱን አስይዞ አዲስ መኪና በዱቤ አወጣና አምጥቶ በራችን ላይ አቆማት። ጥሩምባዋ በሁለት ድምፅ ይጮኻል፤ ራዲዮ አላት። «እስቲ ግባና ተቀመጥባት» አለው አባዬን። አባዬ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። እውነቴን ነው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው ጫማውን አወለቀ። መሪውን ጨበጠ፣ ለቀቀው፣ መስተዋቱን በእጅጌው ወለወለ፣ ራዲዮውን ከፍቶ ዘጋው፤ ወረደና በባዶ እግሩ ወደ ቤት ገባ። ምሳም አልበላም።

እኔ ያዘነው ለጋሽ ሰብስቤ መስሎኝ ነበር። የማትስል መኪና፣ መሞቷና አለመሞቷ በምን ይታወቃል? ምስኪን ጋሽ ሰብስቤ ተታሏል ብዬ አባዬን በርኅራኄ እጁን ያዝኩት። አባዬ በፍቅር ወድቆ እንደነበር የገባኝ ካገባሁ በኋላ ነው። ያኔ እንዴት ልወቅ፤ እቤታችን ውስጥ እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ባሻ የወናጎን ዳገት ሲወጡ ቆሙ። ጎትታ ያመጣቻቸው ያችው ቀይ መኪና ናት፤ ግቢያችን ሲገቡ በውርደት አንገታቸውን የደፉ መስለው ታዩኝ። አባዬ ኮፈኑን ከፍቶ አዳመጠ፣ አሸተተ፣ ራሱን ነቀነቀና ሞተሩ ወጥቶ መፈታት አለበት አለ። ጋራዥ ይሂዱ ሲባል እኔ እያለሁ ባሻን ሌላ ሰው አይነካቸውም ብሎ ተቆጣ። ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ በዛብህ የሚባል፣ ሱሪው እግሩ ላይ የተሰፋበት የሚመስል የመኪና ሻጭ ወኪል መጣ። ቤታችን ቁጭ ብሎ የሚያብረቀርቅ የመኪና ሥዕል እያገላበጠ አሳየን። ነገሩ ቀላል ነው አለ፤ ወይዘሮ አሰፋች ጣታቸውን ቀለም ነክረው ቤቱን ካስያዙ፣ ቡና ሳይለቀም አዲሷ መኪና ደጃቸው ትቆማለች። ካልተከፈለስ ስትል እማዬ ጠየቀችው። እሱ ወደ ሥዕሉ አየ፤ አባዬ ወደ ጣሪያው አየ።

እማዬ ያን ቀን የሰጠችው ቃል ቤታችን ውስጥ ሕግ ሆኖ ቀረ። ባሻ የሚድኑ ከሆነ አዲስ መኪና የሚባል ነገር እንዳይነሣብኝ፤ ሞቱ ከተባለ ግን ሽማግሌ ይየውና ጣቴን እነክራለሁ አለች። እኔም ገባኝ። ባሻ ከሞቱ ቤታችን ይሄዳል። ስለዚህ አባዬ የሚታገለው ለባሻ ነፍስና ለእማዬ ቤት ነው ብዬ ከእሱ ወገን ሆንኩ። ጸሎትም ጨመርኩበት።

ሞተሩን ሲፈታ እማዬ አንድ ነገር ብቻ አዘዘች። መመለስ እንዲያመችህ የሚወጣውን ሁሉ በተራ ደርድር አለችው። ምን ላይ ልደርድር ሲላት ጎረቤታችን አቶ ይርጋ ከጓሯቸው ትላልቅ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው ተሸክመው መጡ። እኛ አገር ቅቤ ቢባል ሥጋ፣ ቆጮ ቢባል ዝናብ የመታው ሕፃን፣ ሁሉም የሚያርፈው ኮባ ላይ ነው፤ ባሻስ ለምን ይቅርባቸው። ከበሩ እስከ ማድ ቤቱ ደፍ ቅጠሉ ተነጠፈ። መጀመሪያ የወጣው መጀመሪያው ቅጠል ላይ፣ ቀጥሎ የወጣው ቀጥሎ፣ እያንዳንዱ ብረት ከነቡሎኑ። ማንበብ ለማይችል ሰው ግቢው በሙሉ መጽሐፍ ሆነለት፤ ከመጨረሻው ቅጠል ጀምሮ ወደ በሩ ቢያነበው ባሻ ይነሣሉ።

እማዬ እንዝርቷን ይዛ ማድ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ የሚያነሣት ጠፋ። የሰንበቴ ማኅበሯን እንኳ ቀረች። ጥጥ እየፈተለች ዐይኗ ብረቱ ላይ ነው። «ያቺ ቡሎን ትናንት ሦስተኛው ቅጠል ላይ አልነበረችም?» ትላለች፤ አባዬ እያጉረመረመ ይመልሳታል። እኔ ደግሞ በእሷ ተናደድኩ። ሰው ሲሠራ እንዲህ ይነዘነዛል? ባሻን ስለምትጠላቸው ነው ብዬ ደመደምኩ። እማዬ ዘብ ቆማ እንደነበር ማን ይንገረኝ።

አባዬ ከሞተሩ አንዱን ያወጣል፣ ወደ ፀሐይ ያነሣዋል፣ በካቻቢቴው ኳ ኳ ያደርገዋል፣ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ ማድ ቤቱ «ይሄም አልቆለታል» ይላል። ፒስተኑ አልቆለታል። ቀለበቱ አልቆለታል። ጠዋት ያልነካው ራዲያተር ከሰዓት በኋላ አለቀለት። እማዬ በመጨረሻ ያላለቀለት ነገር የለም ወይ ስትለው የለም አላት። ተነሥታ አንዱን ፒስተን አንሥታ በነጠላዋ ጠርጋ አገላብጣ አየችውና ከእኔ ጥርስ ይሻላል ብላ ቦታው መለሰችው። ለእኔ አባዬ እንደ ሆስፒታል ሐኪም እውነቱን ሳይደብቅ ለቤተሰብ የሚናገር ሰው ሆኖ ታየኝ። ሐኪሙ በሽተኛው እንዲሞትለት እየጠበቀ መሆኑን የሚጠረጥር ልጅ ካለ እሱን ልጅ አትመኑት።

ቅዳሜ ማታ እራት ላይ እማዬ እንደ ዋዛ ጣል አደረገችው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ የአቶ ይርጋ የወንድም ልጅ አብሮ ይመጣል፤ ጋራዥ ነው የሚሠራው፤ ዕቃው በተራ ስለተደረደረ ገጣጥሞ ለማየት አይቸገርም አለች። አባዬ የጎረሰውን ለመዋጥ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ጥሩ ነው አለ። ውሃ ጠጣ። ደግሞ ጥሩ ነው አለ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሽንቴ መጥቶ ወጣሁ። ጭጋጉ ቡናው ላይ ተኝቷል። አባዬ ጋቢውን ተከናንቦ ላማችንን ቡሬን በገመድ እየሳበ ከበረቷ ያመጣታል፤ እግሩን እንደ ሌባ ቀስ እያደረገ። በግቢው መሃል አቆማትና በጆሮዋ «ብዪ እንግዲህ የኔ እመቤት» አላት። ቡሬ ልመና አላስፈለጋትም። የኮባውን ጫፍ ነክሳ ስትጎትት ብረቱ ይንከባለላል፤ ዘይት የነካውን አሽታ ትተፋዋለች፣ ደኅናውን ታመነዥካለች። አባዬ እፊት እፊቷ እየሄደ ብረቱን በእጁ ገለል ገለል ያደርግላታል።

እንባዬ መጣ። ላሚቱ ሌሊት ርቧት ሲያለቅስላት ያደረ፣ ብረት እንዳያንቃት የሚጠነቀቅ አባት የማን ልጅ አለው? እንዳላሳፍረው ብዬ በጓሮ ዞሬ ተመለስኩና ተኛሁ።

የነቃሁት በጩኸቱ ነው። አባዬ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ላሚቱ ጨረሰችኝ፣ ጉድ ሆንኩ እያለ ግቢውን ይዞራል። ቅጠል የሚባል የለም፤ የባሻ ሆድ ዕቃ በሙሉ ከጭቃና ከእበት ጋር ተደባልቆ ተበትኗል። ቡሬ መሃል ቆማ ታመሰኳለች። ደግነቱ ይህን ስላመጣበት በጣም አሳዘነኝ። እማዬን ለማጽናናት ማድ ቤት ገባሁና አባዬን እንዳትቆጪው፣ ቡሬ ርቧት አዝኖላት ነው አልኳት፤ ያየሁትንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረኩላት። እማዬ እንዝርቷን አስቀመጠች። ለሌላ ሰው ነግሬ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልነገርኩም። ከዚያ ወተት ቀድታ፣ ለእንግዳ የምትደብቀውን ስኳር ጨምራ ሰጠችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ስኳር እንዲህ አይጠየቅም።

ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። የአባዬ የነፍስ አባት አባ ወልደዮሐንስ፣ ጋሽ ሰብስቤ፣ ከፕሮቴስታንቶቹ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር መልስ ደግሞ አቶ ይርጋ። በዛብህም የቀለም ሣጥኑን በብብቱ ይዞ መጣ። የአቶ ይርጋ የወንድም ልጅ ቀድሞ ደርሶ ግቢውን አይቶ፣ አንዲት ቡሎን ከእበት ውስጥ በእንጨት አውጥቶ፣ ራሱን ነቅንቆ ሄዷል። በተራ ቢሆን ኖሮ እችል ነበር፣ አሁን ግን ይህን የሚያውቅ የፈታው ሰው ብቻ ነው ብሎ ነበር የሄደው።

አባዬ ተነሥቶ ባሻን በወግ ቀበራቸው። ስንት ዘመን አገልግለው፣ ስንት ዳገት ወጥተው፣ በሰው እጅ ሳይሆን በእንስሳ ጥርስ እንደወደቁ፣ እሱም የሚችለውን ሁሉ እንዳደረገ ተናገረ። የሰርግ ኮቱን ለብሶ ነበር። ጋሽ ሰብስቤ መሬት መሬት ያያል። አባ ወልደዮሐንስ ወደ እማዬ ዞረው ልጄ አሰፋች፣ ቃል ሰጥተሽ ነበር አሏት። በዛብህ የቀለም ሣጥኑን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት።

እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች።

«ቃሌን አላጥፍም አባቴ። ነገር ግን አጥፊው ሳይቀጣ አልነክርም። የባሌን እንጀራ የቆረጠች ላም እኔ ግቢ አታድርም። ሥጋ ቤቱ ደጀኔ ጋ ልኬበታለሁ፤ አሁን መጥቶ ይወስዳታል።»

በቡሬ የተፈረደ ይመስል ነበር፤ እማዬ ግን ይህን ሁሉ የተናገረችው እኔን እያየች ነው። ያኔ አልታየኝም። የታየኝ የደጀኔ ቢላ ነው። ቡሬን እንደ እህቴ ነበር የምወዳት፤ እህት ስላልነበረኝ ከዚያም ይበልጥ። ከጥግ ተነሥቼ ሽማግሌዎቹ መሃል ገባሁ።

«ቡሬ ምን አጠፋች? አባዬ ነው እኮ ያመጣት! ርቧት ነው፣ አዝኖላት ነው ያበላት። ብረቱን ራሱ በእጁ ያነሣላት ነበር!»

 አቶ ይርጋ ባርኔጣቸውን አንሥተው አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። በዛብህ ከሁሉም ቀድሞ ምላሱ ተፈታ።

«ሕፃን ልጅ ናት፤ ሕልሟን ይሆናል። አይደለም እንዴ አቶ ደመላሽ?»

አዎ ሕልም ነው አለ ጋሽ ሰብስቤም በፍጥነት። አባ ወልደዮሐንስ ፊታቸውን አጥቁረው ውሸት ኃጢአት ነው ልጄ አሉኝ። በዚያ ዘመን ሽማግሌ ፊት የሕፃን ቃል ምን ዋጋ አለው? ምንም። አባዬ «ትዋሻለች» ቢልና አንድ ጊዜ በጥፊ ቢያቀምሰኝ ሁሉም እፎይ ይላል፤ እማዬም ሰው ፊት ባሏን ውሸታም ብላ አትከራከር፣ ጣቷን ነክራ ቤቷን ታስረክባለች። ቀይ መኪና ከነራዲዮዋ፣ ከነሁለት ድምፅ ጥሩምባዋ በር ላይ ቆማለች። የማምለጫውን በር ሦስት ሰው ከፍቶ ይዞለታል።

አባዬ አየኝ። እኔ ደግሞ ደግነቱን ለዓለም ስላሳወቅሁለት ጥርስ በሌለው አፌ ሳቅሁለት።

«ልጄ አትዋሽም» አለ።

ድምፁ ቀስ ያለ ነበር። ከዚያ የሰርግ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለና እጅጌውን እየሰበሰበ ወደ ግቢው ወጣ፤ ጭቃው ውስጥ በርከክ ብሎ ብረት መልቀም ጀመረ። አቶ ይርጋ ከዚህ በኋላ አልቻሉም። አፋቸውን የፈቱት በጌዴኦኛ ስለሆነ አማርኛቸው ወንድና ሴት ብዙ አይለይም፤ «ይሄ ላም ጨዋ ነው፣ ያበሉትን በላ» እያሉ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አባ ወልደዮሐንስም ጺማቸውን እያሻሹ ወደ ግድግዳው ዞሩ። በዛብህ የቀለም ሣጥኑን ዘግቶ ሄደ። ጋሽ ሰብስቤ ግን አልሄደም። ትንሽ ቆሞ እሱም ኮቱን አወለቀና ከአባዬ ጎን ተንበረከከ።

እኔ የተሸለምኩ መስሎኝ ነበር። አባዬ እንዲያ ሰው ፊት አመስግኖኝ አያውቅም፤ ለወራት ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ «አትዋሽም ተብያለሁ» እያልኩ ጉራዬን ነፋሁ። ያላት አንዲት ቃል ምን እንዳስከፈለችው ሳላውቅ ነው ይህ ሁሉ።

ባሻ ዳኑ። የፈታው ሰው ያውቀዋል እንደተባለው፣ አባዬ ያን ሁሉ ክምር ያለ ቅጠል፣ ያለ ተራ፣ በእጁ እየዳሰሰ ብቻ መለሰው። አልቆለታል ከተባለው አንድም ያለቀለት አልነበረም። የጎደለች አንዲት ቡሎን ብቻ ነበረች። እሷን ቡሬ ውጣት ኖሮ አባዬ እንጨት ይዞ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለ ከስንት ቀን በኋላ ከእበቷ ውስጥ አገኛት። የዲላ ሰው ያንን አይቶ አልማረውም፤ ገበያ ሲወጣ «ደመላሽ፣ ዛሬስ ላሚቱ ምን ወለደች?» ይሉታል። አብሯቸው ይስቃል። ቀዩዋን መኪና መንገድ ላይ ሲያያት ግን ባሻን ዳር አስይዞ ያሳልፋትና እስክትጠፋ ድረስ ያያታል። እማዬ ጎኑ ተቀምጣ ከሆነ ፊቷን ወደ ቡናው ታዞርለታለች።

እማዬና አባዬ ስለዚያ እሑድ እኔ ፊት ተነጋግረው አያውቁም። አባዬ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እዚሁ ቤት፣ እዚሁ የማድ ቤት ደፍ ላይ ከእማዬ ጋር ፀሐይ እየሞቅን አነሣሁባት። በስኳር ደልለሽ በእኔ አፍ እንዳሳጣሽው ገብቶኛል አልኳት። አልካደችም። ሚስት ባሏን ሽማግሌ ፊት እንዴት ታጋልጣለች፣ ደግሞ አንቺን ማን ዝም ማሰኘት ይችል ነበር አለችኝ።

«እሺ አባዬ ያን ጊዜ ትዋሻለች ቢልስ ኖሮ? ቤትሽ ሄዶ ነበር እኮ።»

ዐይኗን ከግቢው ሳታነሣ ነው የመለሰችልኝ።

«ልጁን ሰው ፊት ውሸታም የሚል ሰው ከሆነማ፣ ቤቱ ለምኔ ነበር?»